“ኮምፒውተሩን ካስተካከሉት ወዲህ ሌላ መኪና ሆነ”፦ ስለ ሞተር ማፒንግ ተረትና እውነታ

አገር አቋራጭ መኪና የሚነዱ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ የሚነሳው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ “ሃይሉክሴ ሌላ መኪና ሆነ፤ ዳገቱን ማርሽ ሳልቀንስ እወጣዋለሁ” ይላል። ሌላው ደግሞ “ነካክተው ሞተሬን ጨረሱት” ብሎ ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ምን እንደተቀየረ፣ በየትኛው ሞተር ላይ እንደተቀየረ፣ መኪናው የት እንደሚነዳ ላይ ነው።

ባለሙያዎች ማፒንግ ወይም ሪማፕ የሚሉት ሥራ በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን የቁጥር ሰንጠረዦች መቀየር ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ምን ያህል አየር እንደገባ፣ ውሃውና አየሩ ምን ያህል እንደሞቁ በሴንሰሮች ያነባል። ከዚያ ሰንጠረዦቹን ተመልክቶ ምን ያህል ነዳጅ፣ በየትኛው ቅጽበት፣ በምን ያህል ግፊት እንደሚረጭ ይወስናል። ቱርቦው ምን ያህል አየር መግፋት እንዳለበትም እሱ ነው የሚያዘው። ከነዚህ ሁሉ በላይ ገደቦች አሉ፦ የጉልበት ገደብ፣ የጭስ ገደብ፣ የሙቀት ገደብ። ማስተካከያ ማለት በአብዛኛው እነዚህን ገደቦች ማላላት ነው። ይህ ከተያዘ በየጋራዡ የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ መመርመር ይቻላል።

ተረት 1፦ “የማይስተካከል መኪና የለም”

እውነታው፦ ኮምፒውተር የሌለው ሞተር ኮምፒውተሩ አይስተካከልም። በአገራችን ገጠር ለገጠር ሲሠሩ የኖሩት ብዙዎቹ የድሮ ላንድክሩዘሮች የተሸከሙት 1ኤችዜድ የተባለውን ሞተር ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፓምፕ የሚቀበል ሞተር ነው። እዚያ ላይ ጉልበት ለመጨመር የሚነካው ራሱ ፓምፑ ነው፤ “ቺፕ እንግጠምለት” የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሞተሩን አያውቀውም ማለት ነው።

ኮምፒውተር ያላቸው ሞተሮችም እኩል አይደሉም። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚስበው አየር በተፈጥሮ የተወሰነ ስለሆነ ሶፍትዌር ብቻውን የሚጨምርለት ጥቂት በመቶ ነው። ባለ 1.5 ሊትር ሞተሩን ሱዙኪ ጂምኒ አስተካክሎ እንደ ላንድክሩዘር እንዲጎትት መጠበቅ ከንቱ ነው። ለውጡ በግልጽ የሚታየው ባለ ቱርቦ ሞተር ላይ፣ በተለይም ናፍጣ ላይ ነው። እዚያ ተጨማሪ አየርም ተጨማሪ ነዳጅም በትእዛዝ ስለሚመጣ ከ20 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ ማግኘት የተለመደ ነው።

ተረት 2፦ “ፋብሪካው ጉልበቱን ደብቆብናል”

እውነታው፦ ፋብሪካው ትርፍ ይተዋል፤ የሚተወው ግን ለምክንያት ነው። አንድ ሞተር ለበረሃና ለበረዶ፣ ለጥሩ ናፍጣና ለቆሻሻ ናፍጣ፣ በየጊዜው ሰርቪስ ለሚያስደርግና ዘይቱ እስኪጠቁር ለሚነዳ ባለቤት እኩል ይሸጣል። የብክለት ደንቡም ከአገር አገር ይለያያል።

ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን ባለ 4.5 ሊትር ቪ8 ናፍጣ ሞተር እንመልከት። በ200 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ 650 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት ይሰጥ ነበር፤ በ70 ተከታታዩ የሥራ መኪና ላይ ግን 430 ብቻ። ይህን የሚያይ ሰው “220ው ተደበቀብን” ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም የመጀመሪያው ሁለት ቱርቦ አለው፣ ሁለተኛው አንድ ብቻ፤ የሁለተኛው ፍሪሲዮንና ካምቢዮም የተመረጡት ለዚያው 430 ነው።

የሃይሉክስ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። 2.8 ሊትር ሞተሩ ከኦቶማቲክ ካምቢዮ ጋር 450 ኒውተን ሜትር ይሰጥ ነበር። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 500 ሲያሳድገው ሶፍትዌር ብቻ ቀይሮ አልተወውም፤ ቱርቦውንም አብሮ ቀየረ። አምራቹ ለ50 ኒውተን ሜትር ብረት ከቀየረ፣ በላፕቶፕ ብቻ ከዚያ በላይ የሚጨምር ሰው ብረቱ ያንን እንዴት እንደሚሸከመው ሊጠየቅ ይገባል።

ይህ ማለት ግን ማስተካከያ ሁሉ ማታለል ነው ማለት አይደለም። ፎርድ በአሜሪካ ገበያ ለሬንጀር ፒካፕ 2.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከ270 ወደ 315 የፈረስ ጉልበት የሚያሳድግ ማስተካከያ በራሱ ስም ሸጧል። ትርፉ እውነት አለ። ጥያቄው ከየትኛው ክፍል ድርሻ እንደሚወሰድ ማወቁ ላይ ነው።

ተረት 3፦ “ጉልበት ከተጨመረ የማይወጣው ተራራ የለም”

እውነታው፦ ከመንገድ ውጭ፣ ቀስ ተብሎ በሚኬድበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው የጎማው መጨበጥ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው። ኦቶማቲክ ሃይሉክስ በዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ፣ ሹፌሮች “ሎው” በሚሉት፣ አንደኛ ላይ ሲሆን ካምቢዮው፣ የአራት ጎማ ማከፋፈያውና ዲፈረንሺያሉ ተባዝተው የሞተሩን ጉልበት ከ30 ጊዜ በላይ ያበዙታል። ስለዚህ የሞተሩ 450 ኒውተን ሜትር ጎማው ዘንድ ሲደርስ፣ ብክነቱን ካልቆጠርን፣ ከ13,000 ያልፋል። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በደረቅ ጠጠር ላይ ሳይንሸራተት ወደ መሬት ሊያስተላልፍ የሚችለው ግን ወደ 5,000 ገደማ ነው። ከሞተሩ አቅም ሲሶውን ትንሽ አለፍ ሲል ጎማው መሽከርከር ይጀምራል። ጭቃ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በእንዲህ ያለው ቦታ ላይ 20 በመቶ መጨመር ጎማውን ቶሎ ያሽከረክረዋል እንጂ መኪናውን አያወጣውም።

ቱርቦውም የራሱ ጠባይ አለው። የሚዞረው በጭሱ ግፊት ስለሆነ ሞተሩ ከ1,500 ዙር በታች ሲሆን የሚያመጣው አየር ትንሽ ነው። ሶፍትዌር ያልተፈጠረ ጭስ ሊፈጥር አይችልም። በድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚሳብ መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እዚያው ዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። ቁልቁለት ላይም ለውጥ አይጠብቁ፤ መኪናውን የሚይዘው የማርሹና የሞተሩ መጭመቅ ነው፣ ያ ደግሞ በማፒንግ አይጨምርም።

ታዲያ ጭማሪው የት ይታያል? ፍጥነት ባልተቋረጠ ጉልበት መጠበቅ ባለበት ቦታ ነው። የአሸዋ ኮረብታ አንዱ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በረሃ የሚነዱ ሰዎች ማስተካከያን የሚወዱት ያለ ነገር አይደለም። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያደርጉት የጎማውን አየር ወደ 1 ባር ገደማ ማውረድ ነው። ሌላው ተጭኖ ረጅም ዳገት መውጣትና አስፋልት ላይ ከባድ መኪና መቅደም ነው። በመካከለኛው ዙር የተጨመረው ጉልበት ኦቶማቲክ ካምቢዮው በየደቂቃው ማርሽ እንዳይቀያይር ስለሚያደርግ ጉዞው ይረጋጋል። ማስተካከያ ያደረጉ ሰዎች ብዙዎቹ “ሌላ መኪና ሆነ” የሚሉት ይህንን ነው፤ ትክክልም ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። ከ31 ኢንች ወደ 33 ኢንች ጎማ የቀየረ ሰው ማርሾቹን ሁሉ በ6 በመቶ ያህል አርዝሟቸዋል። መኪናው የዘገየበት ለዚህ ነው። ፈውሱም የዲፈረንሺያሉን ጥርስ መቀየር ነው፤ ሞተሩ አላጠፋም።

ተረት 4፦ “ትንሽ ስረግጠው ከተፈናጠረ ጉልበት ጨምሯል ማለት ነው”

እውነታው፦ በዘመናዊ መኪና ነዳጅ መስጫው ከሞተሩ ጋር በገመድ አልተያያዘም። የሚልከው መልእክት ነው፤ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚተረጉመው ኮምፒውተሩ ነው። በፔዳሉ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ሥራውም ይህን መልእክት ማጋነን ነው። ሩቡን ሲረግጡ ግማሹን እንደረገጡ ይናገርልዎታል። እስከ መጨረሻው ሲረግጡት ግን የሚገኘው ያው የድሮው ጉልበት ነው። ማጉያ የያዘ ሰው ድምፁ አልጠነከረም፤ እንደዚያው ነው።

ይህ በከተማ መንገድ ያስደስት ይሆናል፤ ከመንገድ ውጭ ግን ጠንቅ ነው። መኪናው በድንጋይ ላይ ሲወዛወዝ እግርም አብሮ ይወዛወዛል። ፔዳሉ ስል ከሆነ እያንዳንዱ ንዝረት ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል፣ ጎማው ይፈናጠራል፣ አክስሉም ይመታል። ለዚህ ነው አምራቾች በተቃራኒው የሚሄዱት። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ2004 በዲስከቨሪ 3 ላይ ያመጣው የመሬት ዓይነት መምረጫ፣ ለአስቸጋሪ መሬት ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ፔዳሉን ማለዘብ ነው። ሙሉ ማፒንግ የሚሠራ ባለሙያም የፔዳሉን ሰንጠረዥ ሊነካ ስለሚችል፣ አገር አቋራጭ መኪና ያለው ሰው “ሎው ላይ ፔዳሉ ለስላሳ ይሁንልኝ” ብሎ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ተረት 5፦ “ዱባይ ላይ የሠራ ማስተካከያ አዲስ አበባም ይሠራል”

እውነታው፦ ለኢትዮጵያ አሽከርካሪ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሌ የሳነቴ አምባን የሚያቋርጠው መንገድ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ግፊቱ ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። በሌላ በኩል ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ነው። አንድ መኪና በጥቂት ቀናት ጉዞ ሁለቱንም ሊያይ ይችላል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ በቀላሉ ይደክማል፤ አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉን ጉልበት ያጣል። ባለ ቱርቦው ግን ለማካካስ ይሞክራል፤ አደጋውም እዚያ ነው። ለምሳሌ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 2.2 ባር እንዲሆን ታዟል እንበል። በባሕር ዳርቻ ቱርቦው የውጭውን አየር 2.2 ጊዜ ቢጨምቀው ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 2.9 ጊዜ፣ ሳነቴ ላይ 3.5 ጊዜ ገደማ መጭመቅ ይጠበቅበታል። ይህን የሚያደርገው ይበልጥ በፍጥነት በመሽከርከር ነው። በሥራ ላይ ያለ ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ከተሠራበት ልክ ሲያልፍ ግንዱም ኩሽኔታውም አይቆዩም።

የፋብሪካው ሶፍትዌር የውጭውን የአየር ግፊት እየለካ ከፍታ ላይ የቱርቦውን ግፊትና ነዳጁን የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ይህን የከፍታ ሰንጠረዥ ሳይመለከት ግፊቱን ብቻ ከፍ ያደረገ ሰው፣ በባሕር ዳርቻ በሰላም የሚሠራ መኪና ደጋ ላይ ቱርቦ እንዲበላ ያደርጋል። ስለዚህ ከውጭ አገር በኢሜይል የሚላክ ዝግጁ ፋይል ሲቀርብልዎት የመጀመሪያው ጥያቄዎ “የከፍታው ማስተካከያ በቦታው አለ ወይ?” መሆን አለበት።

ተረት 6፦ “ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው”

እውነታው፦ ጥቁር ጭስ በሙሉ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ የከፈሉበት ነዳጅ በማርሚታ በኩል አየር ላይ እየተበተነ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ በንጽህና እንዲቃጠል ደግሞ ከዚያ ብዙ የበለጠ አየር መኖር አለበት። የጭስ ገደቡ ሲነሳ ነዳጁ ከአየሩ ይቀድማል።

ከጭሱ ጋር ሙቀቱም ይመጣል። ናፍጣ ሞተር ላይ ነዳጅ ሲበዛ የሚወጣው ጋዝ ይበልጥ ይግላል። ፒስቶኑ የሚሠራው በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ነው፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ጥንካሬውን ማጣት የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን እንደሚወጣው ባለ ረጅም ዳገት ላይ፣ ተጭኖ፣ ፔዳሉን ለብዙ ደቂቃ ረግጦ የሚሄድ ሰው ከተማ ውስጥ ከሚነዳው በጣም የተለየ ሙቀት ያመጣል። ጉልበት የጨመረ ሰው የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ቢያስገጥም ከማንኛውም ጌጥ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የዳሽቦርዱ የውሃ ሙቀት መርፌ ይህን አያሳይም፤ እሱ ሲነቃ ብዙ ጊዜ አልፏል።

ተረት 7፦ “ጉልበትም ይጨምራል፣ ነዳጅም ይቆጥባል”

እውነታው፦ ጉልበት ከነዳጅ ነው የሚመጣው። በተመሳሳይ ፍጥነትና ጭነት ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ትንሽ ቁጠባ ሊያይ ይችላል፤ ማርሽ ቶሎ ስለሚጨምርና ስለማይመላለስ። አዲሱን ጉልበት የሚጠቀምበት ሰው ግን የበለጠ ያቃጥላል፤ ሰው ደግሞ የገዛውን ነገር ይጠቀምበታል።

ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ቁጥር ማመንም ያሳስታል። ከነዳጅ ግፊት ሴንሰሩ ጋር የሚሰኩ ሳጥኖች የሚሠሩት ኮምፒውተሩን በማታለል ነው፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ አስመስለው እንዲጨምር ያደርጉታል። ኮምፒውተሩም ፍጆታውን የሚያሰላው በተታለለበት ቁጥር ስለሆነ፣ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። ትክክለኛው መለኪያ ማደያው ነው፦ ሞልቶ መነሳት፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቦ መንዳት፣ እንደገና ሞልቶ ማካፈል።

ተረት 8፦ “ሞተሩ ከቻለው ሌላው ይችለዋል”

እውነታው፦ ጉልበት ከሞተሩ ወጥቶ መንገድ አለው፤ በመንገዱም ላይ ያለው ደካማው ክፍል ቀድሞ ይናገራል። በማንዋል መኪና ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያንሸራትተው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው የ70 ተከታታዩ ቪ8 ጉልበት ሲጨመርለት በዚህ ይታወቃል። ኦቶማቲኩ ደግሞ ዘይቱ ይግላል። ኮምፒውተሩን የሚያታልለው ሳጥን እዚህም ይጎዳል፤ የካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጡ ያሉትን ፍሪሲዮኖች የሚጨብጠው ከሞተሩ በሚነገረው ቁጥር ልክ ነው። የተነገረው ከእውነተኛው ካነሰ ላላ አድርጎ ይይዛል፣ ያንሸራትታል፣ ያቃጥላል።

የታመመ ሞተርም በማፒንግ አይድንም። ኢንጀክተሩ የሚያንጠባጥብ፣ የአየር ቱቦው የተሰነጠቀ፣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ የታፈነ መኪና ላይ ጉልበት መጨመር በሽታውን ማፋጠን ነው። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሲስተካከሉ ባለቤቱ የፈለገው ጉልበት ያለ ማፒንግ ይመለሳል።

ተረት 9፦ “የጭስ ማጣሪያውን አውጥተን፣ በኋላ ወደ ድሮው እንመልሰዋለን፤ ማን ያውቃል?”

እውነታው፦ ይታወቃል። ኮምፒውተሩ በውስጡ ያለውን ሶፍትዌር የሚለይ የማረጋገጫ ቁጥር አለው፤ በምርመራ መሣሪያ ሲነበብ ከፋብሪካው ጋር ካልገጠመ ይታያል። አንዳንዶቹ ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸውም ይቆጥራሉ። ሶፍትዌሩን ወደ ድሮው መመለስ ያረጀውን ፍሪሲዮን አይመልስም።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች ነገሩ የሕግ ጉዳይ ጭምር ነው። የጭስ ማጥሪያ ክፍሎችን የሚያሰናክል ማስተካከያ በአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖች ማጣሪያቸው እንደተነሳ ገምቷል። በካሊፎርኒያ ማስተካከያው የግዛቲቱ አየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በብሪታንያም ከፌብሩዋሪ 2014 ጀምሮ ፋብሪካው የገጠመለት የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ የሌለው መኪና ዓመታዊ ምርመራውን አያልፍም።

ስለ ዋስትናም ሁለት ተረት አለ። አንዱ “ከነካኸው ሙሉ ዋስትናህ ይሰረዛል” ይላል፤ ሌላው “ምንም አይሆንም” ይላል። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1975ቱ የዋስትና ሕግ መሠረት አምራቹ ጥገናን የሚከለክለው ጉዳቱ ከማስተካከያው የመጣ ሲሆን ነው። የተቃጠለ ቱርቦ ይዞ የቀረበ ባለ ማፒንግ መኪና ግን ያንን ግንኙነት ለማሳየት ብዙ አያስቸግርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ማስተካከያ ከማሰብዎ በፊት ጎማውን፣ የጎማውን አየር፣ ማጣሪያዎቹን፣ ኢንጀክተሮቹን ያስመርምሩ። ከዚያም ባለሙያውን አራት ነገር ይጠይቁ፦ የከፍታውና የሙቀቱ ገደቦች እንደነበሩ ይቀመጣሉ ወይ? ሎው ላይ ፔዳሉ ለስላሳ ይሆናል ወይ? የድሮው ፋይል በእጄ ይሰጠኛል ወይ? ከመሥራትዎ በፊትና በኋላ መኪናው በመለኪያ ላይ ይለካል ወይ? “ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት” የሚለው የሻጮች አጠራር ነው፤ አንድ ወጥ መስፈርት ስለሌለው በቁጥር ይነጋገሩ።

መኪናው ባለ ቱርቦ ናፍጣ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆነ፣ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት የሚወጣ ከሆነ መጠነኛ ማስተካከያ ዋጋውን ይመልሳል። በድንጋይና በጭቃ ላይ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ያንኑ ገንዘብ ጎማ ላይ ማዋሉ ይሻላል። መኪናው እንዳለ ከበቃዎት ደግሞ አይንኩት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።